የሁስና ኪሎዎች

ሁስና ሰማንያ ሰባት ኪሎ በነበረችበት ዓመት ታማለች ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም። ማዮ ሰፈር ያሉት የወሎ ሴቶች ጁምዓ ጁምዓ ሲያገኟት ክንዷን ጨበጥ አድርገው «ማሻ አላህ፣ ሱዳን ተስማማሽ» ይሏት ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በመተማ በኩል ካርቱም ስትገባ አርባ ስድስት ኪሎ ነበረች። ሐርቡ ያሉት እናቷ ያኔ የላከችላቸውን የመጀመሪያ ፎቶ አይተው አልቅሰዋል። ከዚያ ወዲህ ለዒድ የምትልከው ፎቶ ላይ ጉንጯ በየዓመቱ እየሞላ ሲሄድ እናትየው ፎቶውን ለጎረቤት እያዞሩ ማሳየት ጀመሩ። ልጃቸው በሰው ቤት እንዳልተራበች የሚመሰክርላቸው ሌላ ነገር የለም። ያ ጉንጭ ብቻ ነው።

የምትሠራው ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሀብታሞች ሰፈር ነው፤ ሃጃ ኒዕማ ቤት። ሃጃ ሰባውን የተሻገሩ፣ ልጆቻቸው ባሕር ማዶ የተበተኑባቸው ሱዳናዊት ናቸው። በትልቁ ቤት ውስጥ የሚኖሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በር ላይ ደግሞ ጂብሪል የሚባል የከሚሴ ሰው ዘበኛ አለ። የሃጃ ባለቤት የሞቱት በስኳር በሽታ ነው። መጀመሪያ የእግራቸው አውራ ጣት ጠቆረ፤ ቀጥሎ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተቆረጠ። ሁስና ሁለት ዓመት ሙሉ ቁስሉን አጥባለች፤ ስኳራቸው ድንገት ሲወርድ ጥርሳቸውን አላቅቃ ጭማቂ አጠጥታለች። እሳቸው ከተቀበሩ በኋላ ሃጃ የበሽታውን ስም መስማት አይወዱም። ሱዳኖች «ሱከሪ» ይሉታል። እንግዳ ቃሉን ካነሳ ሃጃ አንድ ነገር የረሱ መስለው ተነስተው ይወጣሉ።

ከሁስና ጋር ትሠራ የነበረችው ሉጥፊያ ደረጃው ላይ ራሷን ስታ የወደቀች ጊዜ ሃጃ አልተቆጡም፤ ክፉ ቃልም አልተናገሩም። ሐኪም ቤት አስወሰዷት፤ ደም ማነስ ነው ተባለ። በሳምንቱ ልብሷን በሻንጣ አስይዘው፣ አንድ ከረጢት ተምር ጨምረው ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ ሸኟት። በዚህ ቤት ሁለተኛ በሽተኛ አላስታምምም አሉ። ሁስና በሩን የከፈተችላት ራሷ ናት።

ስለዚህ በጥር ወር ውሃ አልበቃት ሲል፣ ዓይኗ ሲደበዝዝ፣ የእግሯ ጣቶች ላይ መርፌ መርፌ ሲላት፣ ምን እንደሆነ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። የፈለገችው አይደለም የሚላትን ሰው ነበር።

ሲስተር ጸሐይወርቅ አይደለም አላሏትም። ሲስተር በልጅነታቸው ከጎንደር ከወላጆቻቸው ጋር ተሰድደው እዚሁ ካርቱም ያደጉ፣ አሁን ስድሳ የሞላቸው ነርስ ናቸው። ቡሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ይሠራሉ። ወረቀት የሌለው፣ አረብኛ የማይሆንለት፣ ሐኪም የሚፈራ አበሻ ሁሉ ወደ እሳቸው ነው የሚሄደው። የሁስናን ጣት ወግተው ቁጥሩን አዩ። ከዚያም ሚዛን ላይ አቆሟትና ምን እንደምትበላ ጠየቋት።

ሁስና ጠዋት ፉል በዳቦ፣ ቀን አሲዳ የሚሉትን ገንፎ በወጥ፣ ማታ ደግሞ ከሃጃ የተረፈውን እንደምትበላ ነገረቻቸው። ብዙ እንደማትበላም ጨመረች፤ እውነቷን ነበር።

«የምትጠጪውስ?»

«መጠጥማ ምግብ አይደለም፣ ሲስተር።»

ሲስተር ሳቅ አላሉም። በቀን ስንት ሻይ ትጠጫለሽ አሏት፤ ስድስት አለች። በየብርጭቆው ስንት ማንኪያ ስኳር ታደርጊያለሽ አሏት፤ አራት አለች። ሲስተር ተነስተው ባዶ የሻይ ብርጭቆና የስኳር ጣሳ አመጡ። እያንዳንዱን ማንኪያ ጮክ ብለው እየቆጠሩ መጨመር ጀመሩ። አሥራ ሁለት ላይ ብርጭቆው ተጋመሰ። ሃያ አራት ላይ ስኳሩ ከአፉ ተርፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ይሄን ነው በየቀኑ የምትጠጪው። ምግብ ሳትቀምሺ አምስት መቶ ካሎሪ። አሁን ስሚኝ ሀቢብቲ። ሰውነትሽ እንዲህ ቆመሽ ስትሠሪ ውለሽ ሁለት ሺህ ካሎሪ ቢያቃጥል ነው። የምታስገቢው ግን ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ነው። የተረፈውን የት ያድርገው?»

ሁስና ሳታውቀው እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሺህ አምስት መቶ እንድትበላ አዘዟት። ቁጥሩን እንዴት እንደምትይዘው ግራ ቢገባት በእጇ አስተማሯት። አሲዳው ከጭብጧ አይበልጥም፤ ሥጋው ከመዳፏ አይሰፋም፤ ሩዙ አንድ የሻይ ብርጭቆ ነው፤ ዘይቱ ለቀኑ ሁለት ማንኪያ፤ ሰላጣና ባሚያ የፈለገችውን ያህል። ሻይ ያለ ስኳር። በቀን አርባ ደቂቃ የእግር መንገድ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሰች ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መቸኮል የለም። ኪኒኑ ነጭ ነው፤ አንድ ጠዋት፣ አንድ ማታ፣ ሁልጊዜ ከምግብ ጋር። ያለ ምግብ ከዋጠችው ስኳሩን ይዞት ይወርዳል። ከዒድ በኋላ የሦስት ወሩን ደም ያያሉ።

«ካልወረደስ?» አለች ሁስና።

«የኢንሱሊን መርፌ ነው።»

መርፌው ፍሪጅ ይፈልጋል። ፍሪጁ የሃጃ ነው። ሁስና ከቡሪ እስከ ሪያድ በሪክሻ ስትመለስ የምታስበው ይህንኑ ብቻ ነበር።

የእግር መንገድ የሚለው ነገር ደግሞ ለሪያድ ሰው እንጂ ለእሷ ቀላል አልነበረም። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ካልታደሰ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ፖሊስ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ሰዎች የሚለቅምበትን አፈሳ እዚህ «ከሻ» ይሉታል። በዚያ ሰሞን ከሻው ጠንክሮ፣ ለዳቦ የወጣች ልጅ በዚያው ታፍሳ የድንበሩ መኪና ላይ ተጭናለች ይባል ነበር። ስለዚህ ሁስና ጣሪያው ላይ ወጣች። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ የውሃ ታንከርና የዲሽ ሳህን አለበት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠላሳ አንድ እርምጃ ነው። ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ መቶ ሠላሳ ጊዜ ትመላለሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ስልሳ ላይ ታንከሩን ተደግፋ ታርፍ ነበር።

ጂብሪል ከበሩ ሆኖ ያያታል። አንድ ቀን «ጣሪያው ላይ ምን ጠፋብሽ?» አላት። ቁልፍ አለችው። በሦስተኛው ሳምንት ቁልፉ እንዳልተገኘ ሲገባው፣ «በዚህ አካሄድሽ እስካሁን ሐርቡ ደርሰሽ ነበር፤ ለእናትሽ ሰላም በይልኝ» ብሎ ተዋት።

ሻይ ያለ ስኳር መጀመሪያ መድኃኒት መድኃኒት ይላት ነበር። ከጭብጧ የማይበልጠውን አሲዳ ስታየው ደግሞ ለሕፃን የቀረበ ይመስላታል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚመጣው ረሀብ የባሰ ነው። ሃጃ ተኝተዋል፣ ቤቱ ፀጥ ብሏል፣ የዳቦው መሶብ ከክንዷ ርቀት ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ግቢውን ትጠርጋለች። የተጠረገውንም መልሳ ትጠርጋለች። በየጁምዓው ዕቃ ቤት ውስጥ የቀረችው የሟቹ ሚዛን ላይ ትወጣለች፤ ሳምንታት እያለፉ ሰማንያ አምስት ተኩል፤ ሰማንያ አራት፤ ሰማንያ ሁለት ተኩል። ከእግሯ ጣቶች ላይ መርፌ መርፌ ማለቱ እየጠፋ ሄደ። ደስታውን የምታካፍለው ሰው ግን አልነበራትም።

ሰው ግን ማየት ጀምሯል። በመጋቢት አጋማሽ ጁምዓ ማዮ ሄዳ ነበር፤ የአገሯ ልጅ ሀዋ ቤት። ሀዋ በሰፈሩ ሳምቡሳ እየጠበሰች የምትሸጥ፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን የሰፋ ሴት ናት። አምስት ስድስት ሆነው አንድ ትሪ ከበው ተቀምጠዋል።

«አንች፣ ስጋሽን ለማን አወረስሽው?» አለች ሀዋ፣ የሁስናን ክንድ ጨብጣ። «ሃጃ የጓዳውን ቁልፍ በወገቧ አስራው ነው የምትውል?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሁስናም አብራ ሳቀች። ከወዲያ ጥግ የተቀመጠች አንዲት ሴት ግን ሳትስቅ፣ ምርመራ ካልሄድሽ ሂጂ፣ ዛሬ መድኃኒቱ በነፃ ነው አለች። ሳቁ ቆመ። ሁሉም ገብቷቸዋል። በእነሱ አገር፣ እነሱ ልጆች በነበሩበት ዘመን፣ ድንገት የከሳ ሰው በሽታው አንድ ነበር፤ ስሙም አይጠራም። ሴትየዋ ክፉ ልትናገር አልፈለገችም ይሆናል። ነገር ግን የሁስና ብርጭቆ አጠገብ የነበረውን የራሷን ብርጭቆ ቀስ ብላ ወደ ጉልበቷ ሳበችው።

ሀዋ አየቻት።  ከትሪው መሐል፣ ወጡ ከወፈረበት፣ ጭብጥ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ሁስና አፍ አቀረበች። የቀኝ እጇን ጣቶች እስከ አንጓው አፏ ውስጥ ከትታ፣ ሁሉም ሰው እያየ ነው ያጎረሰቻት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደገመቻት። ሦስተኛውን ሁስና ስትውጥ ሀዋ ጣቷን ላሰች፤ ዓይኗን ከዚያች ሴት ላይ ሳትነቅል።

እንዲህ ያለውን ጉርሻ እምቢ ማለት አይቻልም። ሁስና ግን ስትውጠው በልቧ ትቆጥር ነበር፤ ዘይቱ ሦስት ማንኪያ፣ እንጀራው አንድ ሙሉ፣ ሥጋው ሁለት መዳፍ። ሲመሽ ራት አልበላችም። ለሀዋ እውነቱን ልትነግራት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ሀዋ የምታውቀውን ማዮ ያውቀዋል፤ ማዮ የሚያውቀው ሪያድ ለመድረስ ሦስት ቀን አይፈጅበትም። 

ሃጃም አይተዋል። ልብስሽ ሰፋሽ አሏት በአረብኛ፤ ሁልጊዜም የሚነጋገሩት በአረብኛ ነው። ሙቀቱ ነው አለች። ሃጃ ትንሽ ቆይተው መልሰው አዩዋት።

ረመዳን የገባው ይህ ሁሉ ባለበት ነው። የካርቱሙ ጦርነት ከመነሳቱ በፊት የነበረው ረመዳን ነበር። ሲስተር ጸሐይወርቅ «ጾም ከመግባቱ በፊት ነይ፣ ኪኒኑን እናስተካክላለን» ብለዋት ነበር። አልሄደችም። ብትሄድ አትጹሚ እንደሚሏት ታውቀዋለች። በዚያ ቤት ደግሞ አለመጾም ተደብቆ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ሱሁር አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይሰግዳሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ፣ ተምሩን አብረው ያነሳሉ። ደግሞም ጾሙ ራሱ ሊያግዛት የመጣ መሰላት። በቀን ሦስቴ ከምትታገለው ምግብ ጋር አንዴ ብቻ ብትታገል አይሻልም? አንድ ሺህ አምስት መቶው ሰባት መቶ ቢሆን ኪሎው ቶሎ አይወርድም? ዒድ ሲመጣ ደሟ ጠርቶ፣ መርፌው ቀርቶ፣ ማንም ሳያውቅ ነገሩ ያልቅ ነበር።

እንዲህ አድርጋ አሰበችው። ሱሁር ላይ ሦስት ተምርና ግማሽ ኩባያ እርጎ። መግሪብ ላይ ሾርባና ሰላጣ። የጠዋቱን ኪኒን ቀን ላይ መዋጥ ስለማይቻል፣ የማታውን ደግሞ መግሪብ ላይ ሰው መሐል ማውጣት ስለፈራች፣ ሁለቱንም በአንድነት ሱሁር ላይ ዋጠቻቸው። ቁጥሩ አልጎደለም፤ በቀን ሁለት ተብላ ነበር፣ በቀን ሁለት ዋጠች። የጣሪያውንም መንገድ አልተወችም። በአሥረኛው ቀን ሰባ ዘጠኝ ኪሎ ሆነች። ሚዛኗ ላይ ቆማ እንደ ልጅ ሳቀች። በዚያ ሰሞን ከሰዓት በኋላ እጇ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጾም ነው አለች።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሃጃ አሥራ አራት እንግዳ ለኢፍጣር፣ ለጾም መፍቻው፣ ጠሩ። ሙቀቱ አርባ አራት ደርሷል፤ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። ሁስና ከሱብሂ ጀምሮ ቆማለች። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ከሃጃ ጎን ሰግዳ ወዲያው ወደ ኩሽና ተመለሰች። ሳምቡሳው ተጠብሷል፤ ሾርባው በእሳት ላይ ነው፤ የቀረው ሂሉ ሙር ነው። ሱዳኖች ለረመዳን የሚያዘጋጁት ነው፤ ከማሽላ ብቅል ተጋግሮ የደረቀ ስስ ቂጣ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል፣ በብዙ ስኳር ይጣፍጣል። ሁስና አጠለለችው፤ ስኳሩን ጨመረች፤ ማማሰል ጀመረች።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

ጎንበስ ብላ ልታነሳው ስትል ወለሉ ራቃት። ላብ በጀርባዋ ወረደ፤ ቀዝቃዛ ላብ፣ በዚያ ሙቀት። ከንፈሯ ደነዘዘ። ሾርባው ላይ ጨው ጨምሬያለሁ አልጨመርኩም ብላ ብታስብ ማሰቡ አልመጣ አለ። ይህን ላብ ታውቀዋለች። የሟቹን ግንባር ስትጠርገው ከርማለች። ጥርሳቸው ከመግጠሙ በፊት የነበራት ጊዜ ምን ያህል እንደሆነም ታውቃለች፤ ሾርባ ለማማሰል አይበቃም።

ማሰሮው ከፊቷ ነው። ሙሉ ነው፤ ጣፋጭ ነው። ለመግሪብ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀራል። የሃጃ ጫማ በኮሪደሩ ሲሄድና ሲመለስ ይሰማታል፤ ሳህን እየደረደሩ ነው። ውጭ ጂብሪል ወንበር ያወርዳል። ብትጠጣና ቢያዩዋት የአሥራ አራት ዓመት እምነቷ ውሸት ሊሆን ነው። ሪያድ ውስጥ ሥራ ለማግኘት ሙስሊም ነኝ ይላሉ እየተባሉ የሚታሙ የአበሻ ልጆች አሉ። ባትጠጣ ደግሞ ወለሉ ላይ ትገኛለች፤ እንደ ሉጥፊያ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ ልታመዛዝን ሞከረች፤ ሐሳቡ ግን ከመሐል ይበጠሳል። በአንድ እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። በሌላው ብርጭቆውን ማሰሮው ውስጥ ነከረች።

የመጀመሪያው ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛውን ጠጣች። ሦስተኛውን ስትጨርስ ቀና አለች፤ ሃጃ በሩ ላይ ቆመዋል።

 ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

«በወር አበባሽ ላይ ነሽ?»

ሴት ልጅ የወር አበባዋ ከመጣ ጾሙ የለባትም። ሃጃ በእጃቸው ጫፍ አንድ መውጫ እያቀበሏት ነበር። ሁስና አዎ ልትል አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን እሳቸው ቀድመው አስታወሱ። ፊታቸው ሲለወጥ አየችው።

«ዙህርን ከጎኔ ሰግደሻል» አሉ።

በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት አትሰግድም። መውጫው ተዘጋ። ሁስና ከንፈሯ ላይ የቀረውን ጣፋጭ በእጇ ጀርባ ጠረገች። ማሰቡ እየተመለሰ ነው። የሚቀረው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ከሃዲ መሆን፣ ሌላው በሽተኛ መሆን።

«ሱከሪ አለብኝ፣ ሃጃ» አለች።

ሃጃ ቃሉን ሲሰሙ እንደልማዳቸው ለመውጣት ዞሩ። እጃቸው በሩ እጀታ ላይ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥር።»

«ሦስት ወር። ታመሽ ደግሞ ከኔ ጋር ትጾሚያለሽ።» ወደ እሷ ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «አላህ ለበሽተኛ ፈቅዷል። እሱ ፈቅዶልሽ፣ ከእሱ አስበልጠሽ እኔን ፈራሽ?»

ሁስና አንገቷን ደፋች። «አላህ ከቤት አያስወጣኝም፣ ሃጃ።»

የግቢው በር ተንኳኳ። ቀድመው የመጡ እንግዶች ናቸው። ሃጃ ማሰሮውን አዩ፤ የሁስናን የራሰ ደረት አዩ። ልብስሽን ለውጪ፣ ሂሉ ሙሩ ላይ ውሃ ጨምሪበት አሉና ወጡ። አመሻሹን ሙሉ በሰው መሐል አንድ ጊዜ እንኳ አላዩዋትም። ሁስና ሳህን ስታነሳና ስታቀርብ የሚሰማት ነገር የሻንጣዋ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከአልጋዋ ሥር፣ በስተግራ።

በማግስቱ ጠዋት ለሲስተር ጸሐይወርቅ ደወለች። ሲስተር ሁለቱን ኪኒን በአንድነት፣ በሦስት ተምር እንደዋጠች ሲሰሙ በጎንደሬ አማርኛ የሚችሉትን ሁሉ ስድብ አወረዱባት። ሞተሽ ብትገኚ ኖሮ ኪሎሽ ያምር ነበር አሏት። ዘንድሮ ጾም የለም፤ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሺህ አምስት መቶዋን በሰዓቷ፣ በሦስት ተከፍላ፣ ኪኒኑን ከምግቡ ጋር፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ክሊኒኩ ትምጣ። ሰባት መቶ ብሎ ነገር አልነገርኩሽም አሏት። ያነሰው ነገር ሁሉ ጥሩ የሚመስላት ከሆነ ሚዛኗን ትስበረው። ሁስና ሁሉንም አዎ እያለች ሰማች። ስልኩን ስትዘጋ እያለቀሰች ነበር።

ሃጃ ሳሎን ተቀምጠው ጠበቋት። ቁርዓናቸው ጉልበታቸው ላይ ተከፍቶ ነው፤ ግን አያነቡም። ሉጥፊያን እንደሸኙ እሷንም የሚሸኟት መስሏት በሩ አጠገብ ቆመች።

«እኔ ሁለተኛ እግር አላጥብም» አሉ ሃጃ። «አልችልም። ንገሪኝ እስቲ፣ ከዒድ በኋላ ሰዎችሽ ጋ ቦታ ታገኛለሽ?»

ሁስና የምትመልሰውን አላዘጋጀችም ነበር። የመጣው ከአፏ እንጂ ከሐሳቧ አልመሰላትም።

«እግራቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ሃጃ።»

ሃጃ ቀና አሉ።

«ሁለት ዓመት። እግር እንዴት እንደሚጠቁር አውቃለሁ። የራሴ እንዳይጠቁር ነው ጣሪያ ላይ የማድር እስኪመስል የምዞረው። ሐኪሟ ያዘዘችኝን ከበላሁ፣ ከሄድኩ፣ ኪኒኑን በሰዓቱ ከዋጥኩ እሠራለሁ። ስደብቀው ነው ትናንት ልሞት የነበረው። በሽታው ብቻውን ቢሆን እችለዋለሁ፤ መደበቁን ግን አልቻልኩትም።» ትንሽ ትንፋሽ ወሰደች። «ዛሬ ቀትር ላይ መብላት አለብኝ። በዚህ ቤት፣ በረመዳን፣ በፀሐይ። እርስዎ ይህን ማየት ካልቻሉ አሁኑኑ ሻንጣዬን ላውጣ። ዒድን አልጠብቅም።»

ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግራቸው አታውቅም። ሃጃ የቁርዓኑን ገጽ በመዳፋቸው አስተካከሉ። ከዚያ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ አሏት። አዎም አይም አላሏትም።

ቀትር ሲደርስ ሁስና ኩሽና ውስጥ ነበረች። የጭብጧን ያህል ፉል ሳህን ላይ አድርጋ፣ ግማሽ ዳቦ አጠገቡ አስቀመጠች፤ ቲማቲምና ጀርጅር ቅጠል ከተፈች። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፤ ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች። ቤቱ ሁሉ ጾሙን ይዞ ፀጥ ብሏል። ከውጭ የጂብሪል ሬዲዮ ቁርዓን ያነባል። ኪኒኑን ምላሷ ላይ አደረገች። የመጀመሪያውን ጉራሽ ዳቦ ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች።

ያን ጊዜ ነው የግቢው በር የተከፈተው። የጎረቤታቸው የአብራር ድምፅ ነበር። አብራር ትናንት ከተጠሩት አንዷ ናት፤ ሰፈሩ ውስጥ የሆነው ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል። ትሪሽን ልመልስ መጣሁ እያለች ሰላምታውን ከበር ጀምራ እያዘነበች በኮሪደሩ ወደ ኩሽናው ቀጥ ብላ መጣች። ሁስና ዳቦውን አፏ ውስጥ እንደያዘች ደረቀች። መዋጥ አቃታት፤ መትፋትም አቃታት። መሄጃም የለ።

የሃጃ ጫማ ከአብራር ቀድሞ ደረሰ። ሃጃ ወፍራም ሴት ናቸው፤ ከራስ እስከ እግር የሚያጣፉት ቶባቸው ደግሞ ሲዘረጋ ሰፊ ነው። ኩሽናው በር ላይ ደርሰው ዞሩና ጀርባቸውን ለሁስና፣ ፊታቸውን ለአብራር ሰጥተው ቆሙ። በሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላ።

«አትግቢ» አሉ። «ወለሉ ታጥቧል፤ ትወድቂያለሽ። ትሪውን ለእኔ ስጪኝ።»

አብራር ትሪውን ሰጠች፤ አልሄደችም። ስለ ሙቀቱ አወራች፤ ስለ መብራቱ አወራች፤ ትናንት ሂሉ ሙሩ ቀጥኖ እንደነበር፣ ስኳርም እንዳነሰው በጨዋነት ጠቀሰች። ሃጃ ትሪውን ደረታቸው ላይ ታቅፈው፣ አዎ፣ ዘንድሮ ስኳር መቀነስ ፈልጌ ነው አሏት። አንድ እርምጃም አልተንቀሳቀሱም። ከጾሙና ከሙቀቱ የተነሳ የአንገታቸው ጀርባ በላብ ረጥቦ ሁስና ከተቀመጠችበት ታየዋለች።

ዳቦውን አላመጠች። ዋጠችው። ከዚያም ድምፅ እንዳይሰማ ሳህኑን በግራ እጇ ይዛ፣ ፉሉን በዳቦው እየጠረገች፣ እስከ መጨረሻው በላችው።